በላያችን ስላለው የኤሌክትሪክ አየርና ስለሚነዳው ነፋስ

ነፋስ ቅጠልን ሲያንቀሳቅስ፥ አቧራን ሲያስነሣ፥ የሐይቅንም ውኃ ሲያናውጥ ሁላችንም እናያለን። ነገር ግን ከራሳችን በላይ ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፥ ደመናም አሞራም አውሮፕላንም በማይደርሱበት ስፍራ ሌላ ነፋስ እንዳለ፥ ያም ነፋስ ኤሌክትሪክን እንደሚያመነጭ፥ ያመነጨውም ኤሌክትሪክ በዚያ ያለውን ልዩ አየር ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚያመላልሰው ብዙዎቻችን አልሰማንም። ነገሩ ሩቅ ይመስላል፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ሩቅ አይደለም። ይህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት መስመር በአገራችን ላይ ያልፋልና። ስለዚህ የፊዚክስ መምህራችን በክፍል ካስተማሩን ከዲናሞ ትምህርት ተነሥቼ፥ ከዚያም ወዲህ ያነበብሁትን ጨምሬ፥ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለክቡራን ወላጆች እንደሚከተለው ለመግለጽ እሞክራለሁ።

አዮኖስፌር ማለት ምንድን ነው?

ፀሐይ ከብርሃንዋና ከሙቀትዋ ጋራ ዐይናችን የማያየውን ብርቱ ጨረር ትልካለች። ይህ ጨረር ወደ ምድር ሳይደርስ በላይኛው አየር ይዋጣል፤ በሚዋጥበትም ጊዜ የአየሩን ቅንጣቶች እየመታ ኤሌክትሮን ይነጥቃቸዋል። ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ነው፤ ኤሌክትሮኑን ያጣው ቅንጣት ደግሞ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፥ ስሙም አዮን ይባላል። እንዲህ ያለው የኤሌክትሮንና የአዮን ቅልቅል ፕላዝማ ሲባል፥ ፕላዝማው የሚገኝበት የሰማይ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። ሊቃውንት ከ90 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን ክፍል «ኢ»፥ ከዚያ በላይ ያለውን «ኤፍ» ብለው ሰይመውታል። ፕላዝማው እጅግ የሚበዛው በኤፍ ክፍል፥ በ300 እና በ400 ኪሎ ሜትር መካከል ነው።

ሰው ይህን ክፍል ያወቀው በራዲዮ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያናዊው ማርኮኒ የራዲዮ ምልክት ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻግሮ በኒውፋውንድላንድ እንዲሰማ ባደረጉ ጊዜ ሊቃውንት ተደነቁ። ምድር ክብ ናት፤ የራዲዮ ማዕበል ደግሞ በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ ወደ ጠፈር ማምለጥ ነበረበት። በሚከተለው ዓመት በአሜሪካ ኬኔሊ፥ በእንግሊዝ አገር ሄቪሳይድ፥ በላይ ሆኖ ማዕበሉን እንደ መስተዋት የሚመልስ የኤሌክትሪክ ንብርብር ሊኖር ይገባል ሲሉ አሳባቸውን ገለጡ። በ1924 አፕልተንና ባርኔት የተባሉት ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር ንብርብሩ በእርግጥ መኖሩን በሙከራ አረጋገጡ። ስለዚህም ሥራ አፕልተን በ1947 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በአዮኖስፌር ውስጥ እንኳ ኤሌክትሪክ ያላቸው ቅንጣቶች ጥቂቶች ናቸው። በኢ ክፍል ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ አንዱ እንኳ አዮን አይሆንም። የቀረው ሁሉ ኤሌክትሪክ የሌለው ተራ አየር ነው። እንግዲህ ተራው አየር እንደ ትልቅ ወንዝ፥ ፕላዝማው በወንዙ ላይ እንደ ተበተነ ገለባ ነው ማለት ይቻላል። ወንዙ ሲፈስ ገለባው ዝም ብሎ አይቆምም። ነገር ግን ይህ ገለባ ከወንዙ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከምድር ማግኔት ጋራም የታሰረ ስለ ሆነ፥ አካሄዱ እንግዳ ይሆናል።

አዮንና ኤሌክትሮን የሚለያዩበት ምክንያት

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ምሳሌዎችን ላቅርብ። በጥምቀት ዕለት በጃን ሜዳ በሕዝብ መካከል የገባ ሰው የሚሄደው ወደ ወደደበት ሳይሆን ሕዝቡ ወደ ሄደበት ነው። በኢ ክፍል ያለ አዮንም እንዲሁ ነው። ማግኔቱ በዙሪያው ሊያዞረው ይሞክራል፤ አዮኑ ግን ከባድ ስለ ሆነ ቀስ ብሎ ይዞራል፥ ዙሩንም ሳይጨርስ ከተራው አየር ቅንጣት ጋራ ይጋጫል። ስለዚህ ነፋሱ ገፍቶ ይወስደዋል።

ኤሌክትሮን ግን ከአዮን በብዙ ሺህ እጅ የቀለለ ነው። በችካል የታሰረ ጥጃ በችካሉ ዙሪያ እንደሚዞር፥ እርሱም በማግኔቱ መስመር ዙሪያ እጅግ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ነፋሱም ሊያስለቅቀው አይችልም። በክር ላይ የተሰካ ዶቃ በክሩ ወዲያና ወዲህ እንደሚንሸራተት፥ ኤሌክትሮንም በመስመሩ ርዝመት ላይ መሄድ ይችላል፤ መስመሩን ተሻግሮ መሄድ ግን ይቸግረዋል።

እንግዲህ ነፋሱ በነፈሰ ጊዜ አዮኑ አብሮ ሲሄድ ኤሌክትሮኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲለያዩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጅረት ተፈጠረ ማለት ነው። የቢስክሌት ዲናሞም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በዲናሞ ውስጥ ሽቦና ማግኔት አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የሚያንቀሳቅሰውም የቢስክሌቱ ጎማ ነው። በሰማይ ላይ በሽቦው ፈንታ ፕላዝማው፥ በዲናሞው ማግኔት ፈንታ የምድር ማግኔት፥ በጎማው ፈንታ ነፋሱ አለ። ይህን አሳብ በ1882 ያቀረቡት ባልፎር ስቱዋርት የተባሉት የስኮትላንድ ሊቅ ነበሩ። አዮኖስፌር የሚባል ስም እንኳ ገና ሳይኖር፥ የኮምፓስ መርፌ በየቀኑ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ማለቱን ተመልክተው፥ ምክንያቱ በላይኛው አየር የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት ሊሆን ይችላል ብለው ጻፉ። ያሉትም እውነት ሆኖ ተገኘ።

ፕላዝማው ወደ ላይ የሚወጣው ለምንድን ነው?

በቀን የሚነፍሰው ነፋስ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ፥ ፀሐይ በምትወጣበት ወገን ፖዘቲቭ፥ ፀሐይ በምትጠልቅበት ወገን ኔጋቲቭ እንዲከማች ያደርጋል። ለእኛ እኩለ ቀን በሆነ ጊዜ ገና የሚነጋላቸው አገሮች በስተ ምዕራባችን፥ የሚመሽባቸው በስተ ምሥራቃችን ናቸው። ስለዚህ በቀን የኤሌክትሪኩ ግፊት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ሌሊት ግን ይገለበጥና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይገፋል።

ፕላዝማ በማግኔት ውስጥ ሳለ በኤሌክትሪክ ሲገፋ ግን ወደ ተገፋበት አይሄድም። በመስመሩ ዙሪያ ሲሽከረከር ሳለ ግፊቱ በአንዱ ወገን ያፈጥነዋል፥ በሌላው ወገን ያዘገየዋል። በፈጠነበት ወገን ክቡ ይሰፋል፥ በዘገየበት ይጠባል፤ ስለዚህ ክቡ ሳይገጥም ይቀርና ቅንጣቱ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ጎን ይራመዳል። በማግኔት ወገብ ላይ የማግኔቱ መስመሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ጋደም ብለው ያልፋሉ። ኤሌክትሪኩ ወደ ምሥራቅ፥ ማግኔቱ ወደ ሰሜን ከሆነ፥ ለሁለቱም ጎን የሚሆነው አቅጣጫ ወደ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በቀን ፕላዝማው ይወጣል፥ ሌሊት ይወርዳል። በቀን የሚወጣበት ፍጥነት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ነፋሱ የሚሠራው በኢ ክፍል፥ ፕላዝማው የሚወጣው በኤፍ ክፍል ከሆነ ኤሌክትሪኩ እንዴት ይደርሰዋል? የማግኔት መስመሮች በወገቡ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጡ ናቸው። ሁለት እግሮቻቸው ከወገቡ በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ በኢ ክፍል ሲቆሙ፥ ጀርባቸው በወገቡ ላይ ከፍ ብሎ በኤፍ ክፍል ያልፋል። ኤሌክትሮን በመስመሩ ላይ እንደ ልቡ መንሸራተት ስለሚችል፥ መስመሩ እንደ መዳብ ሽቦ ሆኖ በእግሩ የተፈጠረውን ኤሌክትሪክ ወደ ጀርባው ያደርሰዋል።

የወጣው ፕላዝማ ደግሞ በዚያው አይቀርም። የምድር ስበት ስለሚጎትተው በእነዚሁ መስመሮች ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይንሸራተታል፥ እንደ ፏፏቴም በሁለት ወገን ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የፕላዝማው ብዛት የሚከማቸው በወገቡ ላይ ሳይሆን ከወገቡ 15 ዲግሪ ያህል ርቆ በግራና በቀኝ ነው። በእኛ አንጻር አንደኛው ክምችት በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፥ ሁለተኛው በታንዛኒያ በላይ ይውላል። ከእኛ ሰማይ የተነሣውን ጎረቤቶቻችን ይቀበሉታል ማለት ነው።

የነፋሱ ምንጭ ከታች መሆኑ

ነፋሱስ ከየት ይመጣል? አንዱ ምክንያት ግልጥ ነው። ፀሐይ የላይኛውን አየር በቀጥታ ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ቀዘቀዘው ወገን ይነፍሳል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ይኸውም ከታች፥ ዝናብ ከሚዘንብበት ከእኛው አየር የሚመጣ ማዕበል ነው። ፀሐይ በየቀኑ የታችኛውን አየር እርጥበት ስታሞቅ፥ በትልልቅ ደኖችም ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲወርድ፥ አየሩ እንደ ባሕር ሞገድ ይነሣል፥ ሞገዱም ወደ ላይ ይጓዛል።

የቡሄን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ የሚቀጥለውን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ጅራፍ በእጀታው ዘንድ ወፍራም፥ በጫፉ ቀጭን ነው። እጃችንን ጥቂት ብናወዛውዝ፥ የሰጠነው ኀይል ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲደርስ እጅግ ይፈጥንና ይጮኻል። አየርም ከታች ወፍራም፥ ከላይ ቀጭን ነው። ከታች ሳይታወቅ የተነሣ ሞገድ መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ በሰከንድ ብዙ አሥር ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ይሆናል።

ይህም በዐይን ታይቷል። በ2002 «ኢሜጅ» የተባለች ሳተላይት በማታው ሰማይ በፕላዝማው ክምችት ላይ የሚታየውን ፍካት ስትመለከት፥ በዓለም ዙሪያ አራት ብሩህ ስፍራዎች አገኘች። ውጤቱ በ2006 ሲገለጥ፥ ከአራቱ ሦስቱ በአማዞን፥ በኮንጎና በኢንዶኔዥያ ዝናባማ ደኖች አንጻር የሚገኙ ሆኑ፤ አራተኛው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ነበረ። በኮንጎ ደን የሚዘንበው ዝናብ በጠፈር ደፍ ላይ ያለውን ፕላዝማ ያንቀሳቅሳል ቢባል ማን ያምን ነበር?

ከአዲስ አበባ የተገኘው ዕውቀት

በማግኔት ወገብ ላይ፥ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ፥ በቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ሲድኒ ቻፕማን የተባሉት ሊቅ በ1951 «ኤሌክትሮጀት» ብለው ሰየሙት። ጅረቱ ራሱ ማግኔት ስለሚፈጥር፥ በምድር ላይ የተቀመጠ ማግኔት መለኪያ ያውቀዋል።

ከ1957 እስከ 1958 የዓለም ሊቃውንት ምድርንና ሰማይን በኅብረት ለመመርመር በተስማሙበት ጊዜ፥ በአዲስ አበባም የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። የማግኔት ወገብ ከዚያ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ስለሚያልፍ መሣሪያው የተተከለው በሁነኛ ቦታ ነበር። የኦብዘርቫቶሪው ኀላፊ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዊን መዝገቡን ሲመረምሩ፥ በአንዳንድ ቀን ጅረቱ በፀሐይ ብርሃን ሳለ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ እንደሚፈስ አዩ። ይህንንም በ1962 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አስታወቁ፤ በ1967 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሊቅ ከማዮ ጋራ ሆነው «ተቃራኒ ኤሌክትሮጀት» የሚል ስም ሰጡት። ዛሬ በዓለም ያሉ የዚህ ትምህርት ተማሪዎች ሁሉ ይህን ስም ያውቁታል። እኛ ግን በከተማችን መገኘቱን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጅረቱን የሚገለብጠው አንዱ ዋና ምክንያት የነፋሱና የሞገዱ መለወጥ ነው። በጥር 2009 በሰሜን ዋልታ በላይ በ30 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ያለው አየር በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ሞቀ። በዚያው ወቅት በፔሩ አገር በሊማ አጠገብ ያለው የሂካማርካ ራዳር የፕላዝማው ጉዞ ከልማዱ ወጥቶ አገኘው፤ ጠዋት ከወትሮው ይልቅ በርትቶ ወጣ፥ ከቀትር በኋላ ግን ገና በቀን ወደ ታች ተመለሰ። በበረዶ አገር የተነሣ ነገር በሞቃት አገር ሰማይ ላይ ፍሬውን አሳየ ማለት ነው።

ማታ የሚደርሰው ነገር

ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ የኢ ክፍል ፕላዝማ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ወደ አዮኖቹ ይመለሳሉና። የኤፍ ክፍል ግን ይቆያል። በዚያን ሰዓት በኤፍ ክፍል ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ በሰከንድ መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፥ የራሱንም ዲናሞ ያሠራል። ከዚህ የተነሣ ፕላዝማው ወደ ታች ከመመለሱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ከቀኑ ይልቅ በፍጥነት ይወጣል።

አሁን ከላይ ወፍራም ፕላዝማ፥ ከታች ስስ ፕላዝማ ሆነ። ከታች ዘይት ከላይ ውኃ ቢሆን ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ዘይቱ ውኃውን እየበሳ ይወጣል። በሰማይም ስሱ ፕላዝማ እንደ አረፋ እየሆነ ወፍራሙን ሰንጥቆ ይወጣል፤ አንዳንዱ አረፋ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። በእኛ አገር ይህ የሚበዛው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ጊዜያት፥ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ነው።

በገጠር የሚኖሩት አያቴ አጭር ሞገድ ራዲዮ ያዳምጣሉ። በአንዳንድ ምሽት ድምፁ ሲንቀጠቀጥና ሲቆራረጥ፥ «ዛሬ ደግሞ ራዲዮዬን ብርድ መታው» ይላሉ። እንዲህ ካለው መንቀጥቀጥ አንዱ ምክንያት ይኸው አረፋ ነው፤ የተሰነጠቀ መስተዋት መልክን እንደሚያዛባ፥ የተሰነጠቀ አዮኖስፌርም ድምፅን ያዛባል። ነገሩ ግን በራዲዮ ብቻ አያበቃም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሆነው የሚልኩት ምልክት ወደ እኛ የሚደርሰው አዮኖስፌርን አቋርጦ ነው። ምልክቱ በአረፋው ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል፥ አንዳንድ ጊዜም ይጠፋል። አውሮፕላን የሚመራ፥ መርከብ የሚነዳ፥ መሬት የሚለካ ሰው በዚህ ምልክት ላይ ተማምኖ ሲሠራ፥ ምልክቱ መቼ እንደሚታመን አስቀድሞ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

በቅርብ ጊዜ የተደረገ ምርመራ

ነፋሱ ፕላዝማውን ያንቀሳቅሳል የሚለው አሳብ ብዙ ዘመን የቆየ ቢሆንም፥ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለክቶ ማስተያየት አስቸጋሪ ነበር። በጥቅምት 2019 አሜሪካኖች «አይኮን» የተባለች ሳተላይት ላኩ። እርስዋም በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ በወገቡ ላይ እየዞረች፥ በአንድ መሣሪያ በዙሪያዋ ያለውን የፕላዝማ ፍጥነት ስትለካ፥ በሌላው መሣሪያ ከበታችዋ ራቅ ብሎ፥ በዚያው የማግኔት መስመር እግር ዘንድ የሚነፍሰውን ነፋስ ትለካ ነበር። የቀስተ ደመናውን ጀርባና እግር በአንድ ጊዜ እንደ መያዝ ያለ ነው። በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት፥ በነፋሱ የሚደርሰው ለውጥና በፕላዝማው ፍጥነት የሚደርሰው ለውጥ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ተገኘ። ፀሐይ ባልተቆጣችበት ጊዜ እንኳ ፕላዝማው ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጥበት ትልቁ ምክንያት ነፋሱ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ሳተላይቲቱ በኅዳር 2022 ድምፅዋ ጠፋ፤ የሰበሰበችው መዝገብ ግን ለሚመረምረው ሁሉ ተቀምጧል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የምናስተውለው አንድ ነገር አለ። የነገውን የሰማይ ጠባይ ለመተንበይ ፀሐይን መመልከት ብቻ አይበቃም፤ ነፋሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ነፋሱን ለማወቅ ደግሞ በልዩ ልዩ ስፍራ የተተከሉ መሣሪያዎችና መሣሪያውን በየቀኑ የሚያነቡ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሳተላይት ትጠፋለች፤ በምድር ላይ ያለ መሣሪያ ግን ጠባቂ ካላጣ ለብዙ ዓመታት ይመዘግባል። የማግኔት ወገብ በአፍሪካ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፤ በዚህ ሰፊ ምድር ላይ የተተከሉት መሣሪያዎች ግን ከስፋቱ ጋራ ሲተያዩ ጥቂቶች ናቸው። በሰማያችን የሚሆነውን ሌሎች ከሩቅ ሆነው ሲገምቱልን መኖር አይገባንም።

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ትምህርት የሚመረምሩ ወገኖቻችን አሉ። ከእነርሱ በኋላ የሚተካው ዛሬ በየክፍላችን በእንጨት ወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ ነው። ወላጆችም ልጃቸው ስለ ነፋስና ስለ ማግኔት ሲጠይቃቸው፥ ይህ ምን ይጠቅማል ሳይሉ ቢያበረታቱት፥ የሚጠቅመውን እርሱ ራሱ ሠርቶ ያሳያቸዋል። አባ ጉዊን ያን ታላቅ ነገር ያገኙት በየቀኑ የሚሰመረውን መስመር በትዕግሥት በመመልከትና አንድ ቀን ከሌላው ቀን ሲለይ ለምን ብለው በመጠየቅ ነው። ይህን ለማድረግ ሰፊ ደብተር፥ የተሳለ እርሳስና የማይታክት ዐይን ከሁሉ አስቀድሞ ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ ደግሞ በእጃችን ናቸው።